ፈገግ ብለው «እንመርጠዋለን» ያሉት ሰዎች ድምፅ የት ገባ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ባለፈው የአካባቢ ምርጫ ለአንድ ጥቁር እጩ ቤት ለቤት እየዞርን ስንቀሰቅስ ነበር። በራቸውን የከፈቱልን ነጮች አብዛኞቹ ፈገግ ብለው ‹እሱን ነው የምንመርጠው› ብለውናል። ውጤቱ ሲነገር ግን በጠባብ ልዩነት ተሸነፍን። ጓደኞቼ ‹ፊት ለፊት እሺ ይሉሃል፣ ድምፅ ሲሰጡ ግን የቆዳ ቀለም ያያሉ› ይላሉ። ድብቅ ዘረኝነት እውነት የምርጫ ውጤት ይቀይራል? ሰው የሚደብቀው ነገር ከሆነስ በምን ይታወቃል?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ ድብቅ የዘር ጥላቻ ድምፅ ያሳጣል፤ ፉክክሩ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ውጤት ሊቀይር ይችላል። ጓደኞችዎ በሚሉት መንገድ ግን እምብዛም አይደለም። ነጩ መራጭ በሩ ላይ ዋሽቶ ድምፅ መስጫው ጋ ሲደርስ እውነቱን ያወጣል የሚለው ወሬ ለመናገር ይመቻል፤ በመረጃ ሲፈተሽ ግን በጥቂት ምርጫዎችና በአንድ ዘመን የተወሰነ ሆኖ ይገኛል። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ባለቤቱ ራሱ ጥላቻ ብሎ የማይጠራው፣ ደህና የሚመስል ሰበብ ተደግፎ የሚወጣው ጥላቻ ነው። ይህን መለየት ለእናንተ ለቀስቃሾች ብዙ ስለሚጠቅም ረዘም አድርጌ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጓደኞችዎ አባባል በአሜሪካ «የብራድሊ ክስተት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ቶም ብራድሊ ከ1973 ጀምሮ የሎስ አንጀለስ ከንቲባ የነበሩ ጥቁር ፖለቲከኛ ናቸው። በ1982 በዴሞክራት ፓርቲ በኩል ለካሊፎርኒያ አገረ ገዢነት ሲወዳደሩ፣ ተፎካካሪያቸው የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ዱክሜጂያን ነበሩ። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ብራድሊን ሲያስቀድሙ ከረሙ። በምርጫው ዕለት ድምፅ ሰጥተው የሚወጡ ሰዎችን በመጠየቅ የተሠራው ትንበያም አሸናፊው ብራድሊ ናቸው አለ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ በመጀመሪያ እትሙ ይህንኑ ትንበያ ርዕስ አድርጎ ወጣ። ቆጠራው ሲያልቅ ግን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ዱክሜጂያን በ93 ሺህ ገደማ ድምፅ በልጠው ተገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ የዱክሜጂያን የቅስቀሳ ኃላፊ፣ በጥናቶቹ የማይታይ ግን ጥቁር እጩ የማይመርጥ የተደበቀ ድምፅ እንዳለ ለጋዜጠኞች ተናግሮ፣ በተነሣው ውዝግብ ከቦታው ለቅቆ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም «ይኸው፣ ተናግሮ ነበር» አለ።

ይሁን እንጂ በዚያ ምርጫ ሌላም ነገር ነበር። ሪፐብሊካኖች ደጋፊዎቻቸው ድምፃቸውን አስቀድመው በፖስታ እንዲልኩ ሰፊ ዘመቻ አካሂደዋል። ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ አጥኚ በፖስታ የላከውን ሰው ከየት ያገኘዋል? በዕለቱ ጣቢያ ሄደው ከመረጡት መካከል እንዲያውም የሚመሩት ብራድሊ ነበሩ። በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ደግሞ ሽጉጥ መያዝን የሚገድብ «ፕሮፖዚሽን 15» የተባለ ረቂቅ ቀርቦ ስለነበር፣ እሱን ለመጣል ሲል ብዙ የጦር መሣሪያ ባለቤት ወጥቶ መርጧል። ስለዚህ በር ላይ «ብራድሊን መርጫለሁ» ያሉት ሰዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለክስተቱ ስሙን ያወረሰው ምርጫ ራሱ ለክስተቱ ደካማ ማስረጃ ነው።

የተሻለው ማስረጃ የተገኘው እርስዎ ከሚኖሩበት ግዛት ነው። በ1989 ዳግላስ ዋይልደር ቨርጂኒያ ላይ ተወዳድረው፣ በአሜሪካ በሕዝብ ምርጫ አገረ ገዢ የሆኑ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ። ጥናቶቹ በሰፊ ልዩነት እንደሚያሸንፉ ሲናገሩ ቆይተው፣ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ በ6,741 ብቻ አለፉ። ከምርጫው በፊት በተደረገ አንድ የስልክ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የጠያቂውን ዘር ከተጠያቂው መልስ ጋር አመሳከሩት። ነጭ መራጮች ጠያቂው ጥቁር በሆነ ጊዜ «ዋይልደርን ነው የምንመርጠው» ማለታቸው፣ ጠያቂው ነጭ ከነበረበት ጊዜ በመቶኛ ሲሰላ ከ8 እስከ 11 ነጥብ በልጦ ተገኘ። ልብ ይበሉ፣ ይህ በስልክ ነው፤ ሰዎቹ የሰሙት የጠያቂውን ድምፅ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ በአካል በራቸው ላይ ቆማችሁ፣ የእጩውን ፎቶ ይዛችሁ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ነው የጠየቃችሁት። ይሉኝታ የማያሸንፈው ሰው ጥቂት ነው። ሰዎቹ ክፉ ባይሆኑ እንኳ «እሺ» ብሎ በሰላም በሩን መዝጋት ይቀላቸዋል። እንግዲህ የመዘገባችሁት «እሺ» ከመጀመሪያውም የተጋነነ ነበር ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ እጩው ነጭ ቢሆንም በመጠኑ ያጋጥማል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዳንኤል ሆፕኪንስ የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ከ1989 እስከ 2006 የተደረጉ የአገረ ገዢና የሴኔት ምርጫዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ጥቁር እጩዎች በጥናት ከተገመተላቸው ያነሰ ድምፅ የሚያገኙበት ሁኔታ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ታይቶ ከዚያ ወዲህ መጥፋቱን አሳይቷል። በጥር 2008 ባራክ ኦባማ በኒው ሃምፕሺየር የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ጥናቶቹ ካሉት በተቃራኒ በሂላሪ ክሊንተን ሲሸነፉ «ብራድሊ ተመለሰ» ተብሎ ነበር። በኅዳር ወር ግን ጥናቶቹ በተነበዩት መጠን፣ ወደ 7 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፉ።

ብዙ ጋዜጠኛ እዚህ ላይ ደርሶ «እንግዲያው ዘር ቦታ የለውም» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ጥናቱ ልክ መሆኑ የሚነግረን ሰው ለአጥኚው አለመዋሸቱን ብቻ ነው። አንድ ሰው «ኦባማን አልመርጥም» ብሎ በሐቅ ቢመልስ ጥናቱ ትክክል ይሆናል፤ ለምን እንደማይመርጥ ግን ማንም አላወቀም። ቆዳውን አይቶ ቢሆንስ?

ቀጥታ ብትጠይቀው አይነግርህም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሎፕ የተባለ ድርጅት በ1958 «ብቃት ያለው ጥቁር ሰው ለፕሬዚዳንትነት ቢቀርብ ትመርጣለህ?» ብሎ ሲጠይቅ አዎ ያሉት ከ100 ሰው 38 ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሰው ከ9 በላይ አዎ ይላል። በእርግጥ ልብ የተለወጠው ብዙ ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ ስንቱ የልብ ለውጥ፣ ስንቱ ደግሞ የሆዱን በሆዱ ይዞ ትክክለኛውን መልስ መስጠት የተማረ ሰው እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ አይለይም።

ለዚህ ተብሎ የተፈጠረ አንድ ዘዴ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ከሁለተኛው ጥያቄዎ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ በደንብ ላስረዳዎት። ተጠያቂዎቹን በዕጣ ለሁለት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ቡድን ሦስት ነገሮች ይነበቡለታል፦ መንግሥት የቤንዚን ግብር ሲጨምር፣ ስፖርተኞች ሚሊዮኖች ሲከፈላቸው፣ ትልልቅ ኩባንያዎች አካባቢን ሲበክሉ። ከዚያ «ከእነዚህ ስንቱ ያናድድሃል? የትኛው እንደሆነ አትንገረኝ፣ ቁጥሩን ብቻ» ይባላል። ለሁለተኛው ቡድን ያው ሦስቱ ተነበው አራተኛ ይጨመርበታል፦ ጥቁር ቤተሰብ ጎረቤት ሆኖ ሲገባ። አሁን «ሁለት» ብሎ የመለሰ ሰው የትኞቹን ሁለት እንዳለ ጠያቂው ሊያውቅበት አይችልም፤ ስለዚህ የሚያፍርበት ነገር የለም። ሁለቱ ቡድኖች በዕጣ ስለተከፈሉ በአማካይ አንድ ዓይነት ናቸው። የሁለተኛው ቡድን አማካይ ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ ብልጫው የመጣው ከአራተኛው ነገር ብቻ ነው። በ1991 በተሰበሰበ መረጃ ላይ ጄምስ ኩክሊንስኪና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ግዛቶች የሚኖሩ ነጮች አማካይ በሦስቱ 1.95፣ በአራቱ 2.37 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 0.42 ነው። ከ100 የደቡብ ነጮች 42ቱ ገደማ ጥቁር ጎረቤት ያናድደናል ማለታቸው ነው፤ ማንም ሰው ግን በአፉ አልተናገረውም። ከደቡብ ውጭ ልዩነቱ ዜሮ ገደማ ነበር። አንድን ግለሰብ በዚህ መንገድ «አንተ ዘረኛ ነህ» ልንለው አንችልም፤ የሕዝቡን ድርሻ ግን ማንንም ሳናሳፍር እናውቃለን። (በነገራችን ላይ ዘዴው ይሉኝታ ባለበት ሕዝብ ሁሉ ይሠራል። እኛም ስለ ሌላው ብሔር አማች ወይም ጎረቤት በቀጥታ ስንጠየቅ የምንመልሰውና በልባችን ያለው አንድ ይሁን አይሁን በዚሁ መመዘን ይቻላል።)

ሁለተኛው መንገድ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያደርገውን ማየት ነው። ሴዝ ስቲቨንስ ዴቪዶዊትዝ የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ፣ ጥቁሮችን የሚያዋርደው የታወቀው ስድብ በየአካባቢው ምን ያህል ጎግል ላይ እንደሚፈለግ ከኦባማ ውድድር በፊት ከነበሩት ዓመታት መረጃ ሰበሰበ። ለጎግል የሚዋሽ ሰው የለም። ከዚያ ኦባማ በ2008 በየአካባቢው ያገኙትን ድምፅ፣ ነጩ ዴሞክራት ጆን ኬሪ በ2004 በዚያው ቦታ ካገኙት ጋር አነጻጸረ። ስድቡ በብዛት በሚፈለግበት አካባቢ ኦባማ ከሚጠበቀው በታች ወረዱ። ዌስት ቨርጂኒያ፣ የፔንሲልቬንያ ምዕራብና የኦሃዮ ምሥራቅ ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል «ደቡብ» የማይባሉ አሉ። በአገር ደረጃ ሲደመር ኦባማ በዘር ጥላቻ የተነሣ ያጡት 4 ነጥብ ገደማ ነው ብሎ ገምቷል። የአካባቢ መረጃ የግለሰብን ሐሳብ በቀጥታ ስለማያሳይ ግምቱን እንደ ግምት መያዝ ይገባል። ቢሆንም 4 ነጥብ ብዙ ምርጫ የሚገለብጥ መጠን ነው። በዚያ ዓመት አልገለበጠም፤ ምክንያቱም ኢኮኖሚው እየፈረሰ፣ ሕዝቡ በጆርጅ ቡሽ አስተዳደር ተማርሮ ነበር። ያሸነፈ እጩም ብዙ ድምፅ በጥላቻ ሊያጣ ይችላል፤ ይህ ከዓይን ይሰወራል።

አሁን ወደ ሰበቡ ልምጣ፤ የኔ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ነው። ጥላቻ በልብ ብቻ ሲቀመጥ ድምፅ አይሆንም። ድምፅ የሚሆነው ባለቤቱ ለራሱም ለሰውም ሊናገረው የሚችል ምክንያት ሲቀርብለት ነው። የፖለቲካ ባለሙያዎች ይህን ያውቃሉ። የሪፐብሊካኖች የቅስቀሳ ባለሙያ የነበረው ሊ አትዋተር በ1981 በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ነገሩ በ1954 በግልጽ ስድብ እንደተጀመረ፣ በ1968 ግን ስድቡ ራስን የሚጎዳ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ስለ ግዛቶች መብት (የፌዴራሉ መንግሥት በግዛቶች ጉዳይ ጣልቃ አይግባ የሚል)፣ በኋላም ስለ ግብር ቅነሳ እየሆነ እንደመጣ ዘርዝሮ አስረድቷል። ቅጂው ዛሬ ማንም ሊሰማው የሚችል ነው።

ይኸው አትዋተር በ1988 የጆርጅ ቡሽ አባትን የምርጫ ዘመቻ መራ። በዚያ ዓመት ከዘመቻው ውጭ የሆነ ደጋፊ ቡድን አንድ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አስነገረ። ማሳቹሴትስ ውስጥ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሳለ በአጭር ፈቃድ ከእስር ቤት ወጥቶ የቀረና ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ሴት የደፈረ፣ ዊሊ ሆርተን የተባለ እስረኛ ፎቶ ነው የቀረበው። በንባቡ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል የለም። ፎቶው ግን አለ። መልእክቱ በአፍ ስለ ወንጀል ነው፤ የቡሽ ተፎካካሪ፣ የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ የነበሩት ማይክል ዱካኪስ ለወንጀለኛ ይራራሉ ነው የሚለው። ፈቃድ የመስጠቱን አሠራር የጀመሩት ከዱካኪስ በፊት የነበሩት ሪፐብሊካን አገረ ገዢ መሆናቸውን ማን ያስታውሳል! በ1990 ደግሞ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሴናተር ጄሲ ሄልምስ፣ ጥቁሩን የሻርሎት የቀድሞ ከንቲባ ሃርቪ ጋንትን ሲፎካከሩ፣ የአንድ ነጭ ሰው እጆች የደረሳቸውን ደብዳቤ ሲጨመድዱ የሚያሳይ ማስታወቂያ አወጡ። ድምፁ፣ ሥራው ለአንተ ይገባ ነበር፣ በኮታ ምክንያት ግን አናሳ ለሆነ ሰው ሰጡት ይላል። ሄልምስ አሸነፉ። ይህን አይቶ ሄልምስን የመረጠ ሰው «ለምን?» ቢባል «ፍትሕ ስለምፈልግ» ይላል፤ ሲልም አይዋሽም፣ ያምንበታል። ለዚህ ነው ውሸት ፍለጋ መውጣት የማያዋጣው።

ታሊ ሜንደልበርግ የተባለች ተመራማሪ የ1988ቱን ዘመቻ መረጃ መርምራ አንድ ጠቃሚ ነገር አግኝታለች። ማስታወቂያው መራጩን ያነሣሣው ስለ ዘር መሆኑ ሳይነገር በቆየበት ጊዜ ነው። በጥቅምት ወር መጨረሻ ጥቁሩ የመብት ታጋይ ጄሲ ጃክሰን በአደባባይ «ይህ ዘረኝነት ነው» ብለው ከተናገሩና ሚዲያው ካናፈሰው በኋላ ኃይሉ ደከመ። ሰው በተዘዋዋሪ የተነገረውን ይቀበላል፤ በግልጽ ሲጠራለት ከራሱ የእኩልነት እምነት ጋር ይጋጭበታል። ይህ ዕውቀት ለረጅም ጊዜ እንደ መድኃኒት ሲታይ ቆይቷል። ሆኖም በ2018 ኒኮላስ ቫለንቲኖና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሥራ፣ አሁን አሁን በግልጽ የተነገረ የዘር ንግግርም መራጩን እንደ ቀድሞው እንደማያሸማቅቅ ያሳያል። እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ይሉኝታው ራሱ ሲሳሳ ጥላቻው መደበቅ አያስፈልገውም።

ባለቤቱ እንኳ የማያውቀው ጥላቻስ? በ1998 አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት የኮምፒውተር ፈተና አለ። የጥቁርና የነጭ ፊቶችን ከመልካምና ከክፉ ቃላት ጋር በቁልፍ እያጣመሩ ሲሄዱ ፍጥነትዎን ይለካል። ሚዲያው በጣም አራግቦታል። እኔ ግን በእሱ የአንድን ሰው ድምፅ ለመተንበይ አልደፍርም፤ ያው ሰው በተለያየ ቀን ሲፈተን ውጤቱ ይዋዥቃል፣ ከተግባር ጋር ያለው ዝምድናም ደካማ ነው። በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ለእናንተ የሚጠቅመው በ2008ቱ ምርጫ ላይ ኪት ፔይንና ባልደረቦቹ በሌላ መለኪያ የሠሩት ነው። ግልጽ ጥላቻ ያላቸው ሰዎች ኦባማን ትተው ተፎካካሪያቸውን ሪፐብሊካኑን ጆን ማኬይንን መረጡ። ስውር ጥላቻ ብቻ ያላቸው ግን ወደ ማኬይን አልሄዱም፤ ወይ ቤታቸው ቀሩ፣ ወይ ለሦስተኛ እጩ ሰጡ። በሩ ላይ ፈገግ ያለላችሁ ሰው ተቃዋሚያችሁን መርጦ ላይሆን ይችላል። ልቡ አልነሣ ብሎት፣ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ቀርቶ ይሆናል።

የአካባቢ ምርጫ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በፕሬዚዳንት ምርጫ መራጩ የፓርቲ ስም ያያል፤ ፓርቲ ከባድ መልሕቅ ስለሆነ ጥላቻውን ብዙውን ጊዜ ይይዘዋል። በቨርጂኒያ ለከተማ ምክር ቤትና ለትምህርት ቦርድ በሚደረግ ውድድር ግን ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም። ስለ እጩው ምንም የማያውቅ መራጭ በእጁ የሚቀረው ስም ብቻ ነው። ስም ብቻውን ምን እንደሚያደርግ በ2016 የኢሊኖይ ሪፐብሊካኖች የፓርቲ ውስጥ ምርጫ በግልጽ ታይቷል። እዚያ መራጩ የፕሬዚዳንት እጩውን ብቻ ሳይሆን፣ እጩውን ለመምረጥ ወደ ፓርቲው ጉባኤ የሚላኩትን ተወካዮችም አንድ በአንድ በስማቸው ይመርጥ ነበር፤ ከያንዳንዱ ተወካይ ስም አጠገብ የሚደግፈው እጩ ተጽፏል። ሁሉም «ትራምፕ» የሚል የተጻፈባቸው ሆነው ሳለ፣ የሙስሊም ወይም የውጭ አገር ስም ያላቸው ተወካዮች ከጓዶቻቸው በሺዎች የሚቆጠር ድምፅ ጎድሎባቸው ቦታው ለሌላ እጩ ተወካይ የሄደበት ወረዳ አለ። እነዚያ መራጮች የገዛ እጩአቸውን ጎድተዋል። ሃይለማርያም ወይም አብዱልከሪም የሚል ስም ይዞ ለመወዳደር የሚያስብ ወገን ይህን ከወዲሁ ይወቀው፤ ስሙን ለመለወጥ ሳይሆን፣ መራጩ ወረቀቱን ሲይዝ ስሙን መጀመሪያ ጊዜ እንዳያየው ቀድሞ ለማስተዋወቅ።

ታዲያ እናንተ የተሸነፋችሁት በዚህ ነው? ከዚህ ሆኜ አልፈርድም፤ እናንተ ግን ማወቅ ትችላላችሁ። የቨርጂኒያ የምርጫ መሥሪያ ቤት የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት በድረ ገጹ ያወጣል። የእጩአችሁን ድምፅ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጣቢያ፣ ያው ፓርቲ ከደገፋቸው ነጭ እጩዎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። በሁሉም ጣቢያ እኩል ዝቅ ካለ ምክንያቱ ገንዘብ፣ ትውውቅ ወይም ተቀናቃኙ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው መሆኑ ሊሆን ይችላል። ነጮች በሚበዙባቸው ጣቢያዎች ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወረደ ግን የጓደኞችዎ ጥርጣሬ ክብደት ያገኛል። ቀጥሎ፣ ሌላውን ሁሉ መርጠው የእናንተን ውድድር ባዶ የተዉ ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ፓርቲዎች የሚጠቀሙበት የመራጮች መዝገብ ማን ማንን እንደመረጠ ባይናገርም፣ ማን ድምፅ እንደሰጠና ማን እንደቀረ ያሳያል። «እሺ» ካሏችሁ ሰዎች ውስጥ ስንቱ ጨርሶ አልወጣም?

በሚቀጥለው ጊዜ በር ላይ «ትመርጡታላችሁ?» ከማለት «በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ይሉኝታ መልስ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ግን ቀን ያስቆርጣል፣ እናንተም ቀኑን ይዛችሁ መልሳችሁ ትደውላላችሁ። ተቀናቃኙ ስለ ወንጀል ወይም ስለ ትምህርት ቤት ክልል እያወራ ፎቶዎቹ ሁሉ ጥቁር ፊት ከሆኑ ደግሞ፣ እስከ ምርጫው ዋዜማ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ምስሉን ከንግግሩ አጠገብ አስቀምጣችሁ ምን እንደሆነ በስሙ ጥሩት። የጣቢያዎቹን ቁጥር ካወረዳችሁ ላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።